አራዳ ጊዮርጊስን ማን ሠራው?

በግማሽ ዓመቱ ዕረፍት የ8ኛ ክፍል ተማሪዎቻችንን ይዘን ከናጋድ ጣቢያ በባቡር ወደ አዲስ አበባ ሄደን ነበር። ከተማሪዎቹ አብዛኞቹ የተወለዱት እዚሁ ጅቡቲ ነው። አዲስ አበባን የሚያውቋት በወላጆቻቸው ስልክ ላይ ባለው ፎቶ ብቻ የሆነም ነበሩ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት አራዳ ወደሚገኘው ገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ወሰድናቸው። በሩ ላይ አንድ ትእዛዝ ሰጠኋቸው፤ ለአንድ ሰዓት ስልክ አይነካም፤ ሕንጻውን ዙሩት፤ ስንት ጎን እንዳለው ቆጥራችሁ በደብተራችሁ ላይ ሣሉት።

ተመልሰው ሲመጡ አንዱ ስድስት አለ፣ ሌላው አሥር አለ፣ ጥቂቶቹ ክብ ነው ብለው ተከራከሩ። በትክክል ስምንት ያለችው ከደጅ ቁጭ ብላ ስትሥል የነበረች አንዲት ልጅ ናት። ከሥዕሏ ሥር እንዲህ የሚል ጽፋለች፤ «የትም ቦታ ብቆም ከአራት ጎን በላይ በአንድ ጊዜ አይታየኝም። የቀረውን ለማየት መዞር አለብኝ።» ይህችን ዓረፍተ ነገር ያኔ እንደ ጥሩ የሒሳብ መልስ አይቼ አለፍኳት። ከሳምንታት በኋላ ግን ቢሮዬ ውስጥ ከአንድ ወላጅ ጋር ተቀምጬ ሳለ ትዝ አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉዞው ስንመለስ የታሪክ ክበብ ልጆች የግድግዳ መጽሔት አዘጋጁ። ከርእሶቹ አንዱ «የድላችንን መታሰቢያ የነደፈው ጣሊያናዊ ነው» የሚል ነበር። በማግስቱ የአንድ ተማሪ አባት መጡ። ሰላምታ ሰጥተው፣ ወንበር ስስብላቸው «ቆሜ ልንገርዎ መምህር» አሉ። የተናገሩትን አልረሳውም። «ልጄ ከአገሩ ርቆ እያደገ ነው። እዚህ ትምህርት ቤት የማመጣው የሚኮራበት ነገር እንዲያገኝ ብዬ ነው። አንድ ዓድዋ ነበረው፤ አሁን እሱንም ጣሊያን ሠራው ብላችሁ ወሰዳችሁበት።»

እኚህ ሰው የተናገሩት ከፍቅር ነው። ልጅን በባዕድ አገር ማሳደግ ምን ያህል እንደሚከብድ በዚህ ከተማ የምንኖር ሁላችን እናውቀዋለን። ስለዚህ በችኮላ መልስ አልሰጠኋቸውም፤ በዓመቱ መጽሔት ላይ እንደምጽፍ ቃል ገባሁላቸው። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚያስቡ ወላጆች ሁሉ የቀረበ መልስ ነው። አሳቤን ከመጀመሪያው ልናገር፤ ጽሑፉ ከግድግዳው መነሳት የለበትም ነው የምለው። ነገር ግን በዚያ አንድ ርእስ ብቻ ካቆምን እኛም አራት ጎን ብቻ ያየን እንሆናለን።

በቅድሚያ ራሴን ልውቀስ። መምህር ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ይህን ካቴድራል ያስተማርኩት በአንድ መስመር ነው። «አራዳ ጊዮርጊስ ለምን ተሠራ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ «ለዓድዋ ድል መታሰቢያ» ብሎ የመለሰ ሁለት ነጥብ ያገኛል። መልሱ ትክክል ነው። ዐፄ ምኒልክ የቅዱስ ጊዮርጊስን ታቦት ይዘው ወደ ዓድዋ መዝመታቸው የታወቀ ነው። ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ወር በገባ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቀን ነው። ካቴድራሉም በዚያ ድል ማግስት ለሰማዕቱ ስም የቆመ ነው። ይህን ሁሉ ልጆቹ ያውቁታል። የማያውቁት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው፤ አላስተማርኳቸውምና።

ከሕንጻው እንነሳ። ካቴድራሉ በጥርብ ድንጋይ የተገነባ ባለ ስምንት ጎን ነው። ከውጭ ሲታይ ዓምዶቹና የመስኮቶቹ አሠራር የአውሮፓን ሕንጻ ያስታውሳሉ። በታሪክ ጽሑፎች ከንድፉ ጋር ስሙ የሚነሳው ሰባስቲያኖ ካስታኛ የተባለ ጣሊያናዊ መሐንዲስ ነው። ይህን መደበቅ አይቻልም፤ ልጆቻችን ስልካቸውን ከፍተው በአንድ ደቂቃ ያገኙታል። እኛ ካልነገርናቸው ሌላ ሰው ይነግራቸዋል፤ ያን ጊዜ የሚያጡት እኛ ላይ ያላቸውን እምነት ነው።

ነገር ግን ወደ ውስጥ እንግባ። ጫማችንን አውልቀን ስንገባ የምናገኘው የአውሮፓ ቤተ ክርስቲያን አይደለም። በአውሮፓ ካቴድራል ምእመናን በረጅም አዳራሽ ተደርድረው ፊት ለፊት መሠዊያውን ያያሉ። እዚህ ግን መቅደሱ በመካከል ነው፤ ሕዝቡ ይከብበዋል። በገጠር በጭቃና በእንጨት ተሠርተው ሣር የለበሱት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ የሚከተሉት ሥርዓት ይኸው ነው፤ ከውጭ ቅኔ ማኅሌት፣ ቀጥሎ ቅድስት፣ ከመካከሉ መቅደስ። መሐንዲሱ ማንም ይሁን ማን፣ ይህን ሥርዓት ያዘዘው የአገሩ እምነትና ልማድ ነው። ክቡን ቤት በድንጋይ ለመሥራት ሲፈለግ ስምንት ቀጥ ያሉ ግድግዳዎች ገጥሞ ክብ ማስመሰል ጥሩ መላ ነው። እንጦጦ የወጣ ሰውም፣ ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. በነገሡበት በእንጦጦ ማርያም ይህንኑ ስምንት ጎን ያገኘዋል።

እንግዲህ «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ስም አይበቃም። ያሠራው ንጉሥ አለ። መስመር ያሰመረው መሐንዲስ አለ። ቤቱ ምን መምሰል እንዳለበት ከመቶ ዓመታት በፊት የወሰነው የካህናትና የምእመናን ልማድ አለ። ድንጋዩን የጠረበው፣ የተሸከመው፣ ኖራውን ያቦካው ስሙ ያልተጻፈ ሰውም አለ። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ገና የተቆረቆረች ከተማ ነበረች፤ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሕንድ፣ የግሪክና የአርመን ባለሙያዎችም ይሠሩባት ነበር። ምኒልክ የውጭ ሰው እጅ ያለበትን ሥራ አላፈሩበትም። ባቡሩን፣ ስልኩን፣ ወፍጮውን ሲያስገቡ የማን ፈጠራ ነው ሳይሆን ለአገሬ ይጠቅማል ወይ ነው ያሉት። ያሸነፈ ሰው ከተሸናፊው ወገን ባለሙያ ቢያሠራ የሚቀነስበት ክብር ምንድን ነው? እኔ የሚጨመርለት ነው የሚመስለኝ።

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን የሰማነውን አንድ ወሬ ላንሳ። «ካቴድራሉን የሠሩት በዓድዋ የተማረኩ የጣሊያን ወታደሮች ናቸው» ይባላል። ይህን ለተማሪዎቹ ስነግር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «መምህር፣ ምርኮኞቹ መቼ ተለቀቁ?» አለኝ። ጥያቄው ወርቅ ነው። የሰላሙ ውል አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ነው። በዚያ ውል ጣሊያን የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች፤ ምርኮኞቹም ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዛሬ የምናየው የድንጋይ ሕንጻ ግን ተሠርቶ ያለቀው ከዚያ በኋላ ዓመታት ቆይቶ ነው። ስለዚህ ምርኮኞቹ በሥራው መጀመሪያ ላይ እጃቸው ቢኖርበት እንኳ ሕንጻውን ሙሉ በሙሉ እነሱ ሠሩት ማለት ከዘመኑ ጋር አይገጥምም። ልጁ ይህን ያገኘው ሁለት ዓመተ ምሕረቶችን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነው። እኔ ስንት ጊዜ የደገምኩትን ወሬ አንድ የ14 ዓመት ልጅ በጥያቄ ፈተነው። አባትየው «ወሰዳችሁበት» ያሉኝ ኩራት ከዚህ ይበልጣል?

ስለ ዓመተ ምሕረት ካነሳሁ አይቀር፣ ልጆቻችን እዚህ በፈረንሳይኛ መጽሐፍ 1896 የሚለውን፣ በአማርኛው መጽሐፍ 1888 የሚለውን እያዩ ዓድዋ ሁለት ጊዜ የተደረገ የሚመስላቸው አሉ። ወላጆች ቤት ውስጥ በዚህ ብታግዙን ትልቅ ውለታ ነው።

ወደ ካቴድራሉ ልመለስ። ታሪኩ በድል ላይ አልቆመም። ንግሥት ዘውዲቱ ዘውድ የጫኑት በየካቲት 1909 ዓ.ም. በዚሁ ነው። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ነው። ለዚያ በዓል ከአውሮፓ የመጡት መልእክተኞች በመርከብ የወረዱት እኛ ባለንበት በዚህ ከተማ ወደብ ነው፤ ከዚህም በባቡር ወደ አዲስ አበባ ወጡ። ልጆቻችን በየቀኑ በሚያዩት ባሕር ዳርቻ ማለት ነው። ለእንግዶቹ ብዛት ከካቴድራሉ ጋር ተያይዞ ትልቅ ድንኳን ተተከለ። ለምን እንዳስፈለገ ሕንጻውን የዞረ ልጅ ይገባዋል፤ መቅደሱ በመካከል የሆነ ቤት ሺህ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦ አንድ ነገር የሚያይበት አዳራሽ አይደለም። ከእንግዶቹ መካከል የጣሊያን ንጉሥ ዘመድ የሆነ ልዑልም ነበረበት። በበዓሉ ዋዜማ ከካቴድራሉ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት ተመረቀ።

ከዚያ ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ሌላ ቀን መጣ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሽስቶቹ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያደረጉት ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። በዚያው ጊዜ ይህን ካቴድራል በእሳት አቃጠሉት። የምኒልክንም ሐውልት በዚያው ዓመት ከቦታው አንሥተው ቀብረውት ነበር። ለምን? ድንጋይ ወታደር አይደለም፤ አይተኩስም። ግን ያ ድንጋይ ምን እንደሚል ገብቷቸዋል። ከ41 ዓመት በፊት የሆነውን የሚያስታውስ ነገር ከተማው መካከል እንዲቆም አልፈለጉም። ጣሪያው ነደደ፤ ግድግዳው ቆሞ ቀረ። ከነጻነት በኋላ ካቴድራሉ ታደሰ፤ ሐውልቱም ወደ ቦታው ተመለሰ። ዛሬ መቅደሱን የሚከብቡትን ሥዕሎችና ሞዛይኮች የሠራው ኢትዮጵያዊው ሠዓሊ አፈወርቅ ተክሌ ነው።

ስለዚህ አባትየውን እንዲህ ልላቸው እወዳለሁ። ከነደፉት መካከል ጣሊያናዊ አለ፤ ያቃጠሉትም ጣሊያናውያን ናቸው፤ መልሰው ያቆሙት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ሦስቱንም አብሮ የሚያውቅ ልጅ «ጣሊያን ሁሉ ጠላት ነው» አይልም፤ «ጣሊያን ሠራልን» ብሎም አንገቱን አይደፋም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? እኛ ግን አድሮ እስኪጠራ ከመጠበቅ በልጅነታቸው ብንነግራቸው ይሻላል።

ከሌላ ወገን የመጣም ጥያቄ ነበር። ከጉዞው በፊት አንዲት እናት ደውለው «መምህር፣ እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ልጄ ቤተ ክርስቲያን መግባት አለባት ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የለባትም አልኳቸው፤ ከፈለገች ከደጅ ሆና ትሣል። ስምንቱን ጎን በትክክል የቆጠረችው፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው ልጅ የእርሳቸው ናት። ዓድዋ ላይ የወደቁት የአንድ ሃይማኖት ልጆች ብቻ እንዳልነበሩ ሁላችንም እናውቃለን። ካቴድራሉ ለምእመናኑ የጸሎት ቤት ነው፤ ያንን ማክበር ግዴታችን ነው። የከተማው ታሪክ ምስክርነቱ ግን ከደጅ ሆና ለምትሥለውም ልጅ ይደርሳል። በትምህርት ቤታችን አብረው የሚማሩ ልጆች ይህን በወሬ ሳይሆን በተግባር ማየታቸው ለእኔ ከጉዞው ሁሉ የበለጠ ትርፍ ነበር።

አሁን ለምን ይህን ያህል እንደምቸኩል ልናገር። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። በዚያው ዓመት ከምኒልክ አደባባይ ብዙም ሳይርቅ የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተመርቋል። አዲሱ ያማረ ነው፤ ልጆቹም ወደውታል። ከተማ ይለወጣል፤ የፈረሰው ሁሉ ይቅር ነበር የምል ሰው አይደለሁም፤ በዚያ ቤት መኖር ምን ያህል ችግር እንደነበረው የኖረበት ያውቀዋል። ነገር ግን ካቴድራሉ ዙሪያውን አብረውት ያረጁ ጎረቤቶቹን አጥቷል። ዱሮ የአራዳ ገበያ ከካቴድራሉ አጠገብ ነበር፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ወደ ዛሬው መርካቶ አዛወረው። ሰፈሩንም እኛው ራሳችን እስከ ዛሬ የምንጠራው በጣሊያንኛ ነው፤ ፒያሳ። እዚህ ፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆቻችን ደግሞ «ለገሀር» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ሲገባቸው አውቶቡስ ውስጥ የሳቁት ሳቅ አይረሳኝም። ቤቶቹ ሲሄዱ የሚቀረው ስምና ታሪክ ነው፤ እሱንም የሚነግር ከጠፋ አንድ ውብ ሕንጻ ብቻውን አደባባይ ላይ ቆሞ የፎቶ ጀርባ ይሆናል። ወላጆቻቸው «እዚህ ጋ እንዲህ ነበር» እያሉ የሚያሳዩበት ጎዳና የሌላቸው ልጆች ደግሞ የእኛ ናቸው።

ስለዚህ ከመጪው ዓመት ጀምሮ በታሪክ ትምህርት አንድ ነገር ለመለወጥ ከመምህራኑ ጋር ተስማምተናል። በየዓመቱ እያንዳንዱ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ተማሪ አንድ ሕንጻ መርጦ ያጠናል። አዲስ አበባ መሄድ ግድ አይደለም። እዚሁ ከተማችን አሮጌው የባቡር ጣቢያ አለ፤ በ1890 ዓ.ም. ከዚህ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ሐዲድ መነሻ። መስጊዶች አሉ፤ አሮጌ የነጋዴ ቤቶች አሉ። ተማሪው ሕንጻውን በእግሩ ይዞራል፣ ይሥላል፣ ማን አሠራው፣ ማን ሠራው፣ ማን ኖረበት፣ ማን ጎዳው፣ ማን ጠገነው ብሎ ይጠይቃል። የሰማውን ወሬ ከዓመተ ምሕረቱ ጋር ያመሳክራል። ያላገኘውን «አላገኘሁም» ብሎ ይጽፋል፤ ለዚህም ነጥብ ይሰጠዋል። ያ ባለ ሁለት ነጥብ የፈተና ጥያቄዬም ከእንግዲህ አይወጣም።

ከወላጆች የምለምነው አንድ ነገር ነው። በፒያሳ፣ በአራዳ፣ በለገሀር ወይም በድሬዳዋ ከዚራ የኖራችሁ ካላችሁ፣ አንድ ከሰዓት ትምህርት ቤት መጥታችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው። የትኛው ቤት ምን ይሸጥ ነበር፣ ለበዓል ታቦቱ በየት በኩል ያልፍ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ የት ትጠለሉ ነበር። ለእናንተ ተራ ነገር ነው፤ ለእነሱ ግን ከመጽሐፍ የማይገኝ ነው።

ለእኚያ አባትም መልሴ ይኸው ነው። የልጅዎን ዓድዋ አልወሰድንበትም፤ ሙሉውን ልንሰጠው ነው የፈለግነው። የግድግዳው መጽሔት እንዳለ ነው፤ ልጆቹ ግን ከጎኑ ሁለተኛ ጽሑፍ ጨምረዋል፤ ርእሱ «ያቃጠሉትንና መልሰው ያቆሙት» ይላል። ከጸሐፊዎቹ አንዱ ልጅዎ ነው። መጥተው እንዲያነቡት በአክብሮት እጋብዝዎታለሁ፤ በሚቀጥለው ጥር በሚነሣው ባቡር ላይም አንድ ወንበር ይዘንልዎታል።